የበደለንን ሰው ይቅር ለማለትና ያለፈውን ለመተው፦ ለክርስቲያኖች የተዘጋጀ ተግባራዊ መመሪያ

«ይቅር ብያለሁ፤ ነገር ግን አልረሳሁትም። ይቅርታዬ ውሸት ነው ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢና በስልክም ጭምር ደጋግሞ ስለሚቀርብልኝ፣ በቃል የምመልሰውን በጽሑፍ ማስፈሩ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አጭሩ መልስ «ውሸት አይደለም» የሚል ነው፤ ይቅር ያለ ሰው የተወው ብድሩን መመለስን ነው፤ የሆነውን ግን ሊያስታውስ ይችላል። ብዙ ሰው የሚቸገረው ከየት እንደሚጀምር ስለማያውቅ ስለሆነ ሥራውን ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። የማገለግለው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በመሆኑ ስለ ነፍስ አባትና ስለ ቁርባን የሚናገሩ ክፍሎች አሉበት፤ የሌላ ቤተ እምነት ክርስቲያን ከሆኑ በነፍስ አባት ፈንታ መጋቢዎን ወይም በእምነት የሚያከብሩትን ታላቅ ሰው ማማከር ይችላሉ።

ነገሩ በጥቅሉ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። ቤሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እኅት፣ ቦታ ተገዝቶ ቤት እንዲሠራላት ለታናሽ ወንድሟ በየወሩ ገንዘብ ትልክ ነበር እንበል። አገሯ ስትገባ ቦታም ቤትም የለም፤ ገንዘቡ ለወንድሟ ሰርግና ለመኪና መግዣ ውሏል። የእርስዎ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ አሠራሩ ግን አይለወጥም።

ከሁሉ በፊት ሊነበብ የሚገባው ማስጠንቀቂያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በደሉ ላለፈበት ሰው ነው። ዛሬም እየተደበደቡ፣ እየተዛተብዎት ወይም ንብረትዎ እየተወሰደ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ከአደጋው መውጣት፣ ለሚያምኑት ሰው መናገርና ለፖሊስ ማመልከት ነው። በተለይ በሕፃን ላይ የተፈጸመ ጥቃት በቤተሰብ ሽምግልና «ይቅር ተባብለናል» ተብሎ የሚሸፈን ጉዳይ አይደለም፤ ሌሎች ልጆችም በዚያው ሰው እጅ ሊወድቁ ስለሚችሉ ለሕግ መነገር አለበት። ይቅር ማለት በአደጋ ፊት መቆም እንዳልሆነ ዳዊት ምስክር ነው። ሳኦል ጦር በወረወረበት ጊዜ ሸሽቶ አመለጠ (1ኛ ሳሙ. 19፥10)። በዓይንጋዲ ዋሻ ሳኦል በእጁ በወደቀለት ጊዜ ደግሞ የልብሱን ጫፍ ከመቁረጥ በቀር አልነካውም፤ ሳኦል አልቅሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ዳዊት አብሮት አልሄደም፤ ከሰዎቹ ጋር ወደ አምባው ወጣ (1ኛ ሳሙ. 24)።

እንቅልፍ ለሳምንታት ካጡ፣ ድርጊቱ በዓይንዎ ላይ እየተመላለሰ ሥራ መሥራት ከከለከለዎት ወይም ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ከጸሎቱና ከጠበሉ ጎን ለጎን ወደ አእምሮ ሐኪም ይሂዱ። ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መጽሐፍ ቅዱስ፤ በተለይ መዝሙረ ዳዊትና የማቴዎስ ወንጌል።
- ሌላ ሰው የማያገኘው አንድ ደብተርና እስክሪብቶ። በስልክ ባይጽፉ ይመረጣል፤ ተቆጥተው ሳለ የጻፉት ነገር በአንድ ንክኪ ወደ ሌላ ሰው ሊሄድ ይችላልና።
- ማንም የማያቋርጥዎት በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል። ሥራው በአንድ ቀን ስለማያልቅ ጥቂት ሳምንታት እንደሚወስድ አስበው ይጀምሩ።
- የነፍስ አባት፤ ከሌለዎት ይህን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ይያዙ።
- ገንዘብ ወይም ንብረት ያለበት ጉዳይ ከሆነ የሐዋላ ደረሰኞች፣ ውክልና፣ ውልና የመልእክት ልውውጦች፤ እነዚህ የሚያስፈልጉት በደረጃ 8 ነው።

ደረጃ 1፦ የተደረገብዎትን በግልጽ ይጻፉ

የደብተሩን ገጽ ለሦስት ዓምድ ይክፈሉት። በመጀመሪያው ዓምድ የተደረገውን፣ በሁለተኛው ድርጊቱ የወሰደብዎትን፣ በሦስተኛው ደግሞ ከዚያ በኋላ እርስዎ በበኩልዎ የጨመሩትን ይጻፉ። በመጀመሪያው ዓምድ የሚገባው ድርጊት ብቻ ነው፤ «ከሃዲ ነው»፣ «ልቡ ድንጋይ ነው» የሚሉት ፍርድ ስለሆኑ ይቅሩ። ምሳሌ ያደረግናት እኅት «ለቦታ ብዬ የላክሁትን ብር ሳይነግረኝ መኪና ገዛበት፤ ስጠይቀው ካርታው ሊወጣ ነው እያለ ሁለት ዓመት ዋሸኝ» ብላ ትጽፋለች። በሁለተኛው ዓምድ «የወጣትነት ዕድሜዬ፣ እናቴን አጠገቧ ሆኜ አለመጦሬ፣ በወንድሜ ላይ የነበረኝ እምነት፣ ብሩ» ልትል ትችላለች። ብሩን ከሁሉ በኋላ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፤ በገንዘብ ጠብ ውስጥ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያመው መታለሉና መናቁ ነውና። በሦስተኛው ዓምድ «ለዘመድ ሁሉ እየደወልሁ አማሁት፤ ልጁ ክርስትና ሲነሣ ሆን ብዬ ቀረሁ» የሚል ይሰፍራል።

ይህ ደረጃ የሚያስፈልገው በስሙ ያልተጠራ በደል ይቅር ሊባል ስለማይችል ነው። «ምንም አይደለም፣ ተዉት» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ በደሉን ሸፍኖታል እንጂ ይቅር አላለውም፤ የተሸፈነውም በመጀመሪያው የቤተሰብ ግርግር ይወጣል። ዮሴፍ ወንድሞቹን ሲያጽናና እንኳ «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ» ብሎ ክፋቱን በስሙ ጠርቶታል (ዘፍ. 50፥20)። መጻፉ ሌላም ጥቅም አለው፤ በወረቀት ላይ ሲወርድ አንዳንዱ ነገር በደል ሳይሆን የጠባይ አለመጣጣም ሆኖ ይገኛል። ሐዋርያው በቆላስይስ 3፥13 መታገሥንና ይቅር መባባልን ጎን ለጎን ያዘዘው ሁለቱም በየቦታቸው ስለሚያስፈልጉ ነው። ወንድምዎ ስልክ የማንሣት ልማድ ከሌለው ይታገሡት፤ ገንዘብዎን ከበላ ግን ጉዳዩ የይቅርታ ነው።

ጥንቃቄ፦ በአንድ ገጽ አንድ በደል ብቻ ይጻፉ። የሃያ ዓመቱን ሁሉ በአንድ ሌሊት ለመጻፍ የሚሞክር ሰው እየጻፈ ይጋጋላል፤ ከጀመረበትም ይብሳል።

ደረጃ 2፦ ሐዘንና ቁጣዎን በእግዚአብሔር ፊት ያፍስሱ

ከጻፉ በኋላ ወደ ይቅርታው አይሩጡ። ለጥቂት ቀናት በየምሽቱ አንድ መዝሙር ያንብቡና ከዚያ በኋላ በራስዎ ቃል የሚያምዎትን ይናገሩ። መዝሙር 12 «እስከ መቼ» እያለ ይጠይቃል፤ መዝሙር 54 ደግሞ ጠላት ቢሰድበው ይታገሥ እንደ ነበር፣ ያቆሰለው ግን አብሮት ወደ እግዚአብሔር ቤት ይሄድ የነበረ ወዳጁ እንደ ሆነ ይናገራል። (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥራቸው 13 እና 55 ነው።) እነዚህ መዝሙሮች የተቆጣ ሰው ቁጣውን ይዞ ወደ ጸሎት መቆም እንደሚችል ያሳያሉ፤ «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ» የሚለው ቃልም ቁጣውን ከኃጢአቱ ለይቶ ያያል (ኤፌ. 4፥26)። እንባ ከመጣ አይከልክሉት።

ይህን ደረጃ የዘለሉ ሰዎች በአፋቸው ይቅር ካሉ በኋላ ቁጣቸውን በልጆቻቸው፣ በሠራተኛቸው ወይም በትዳር ጓደኛቸው ላይ ሲያወርዱት ይታያሉ፤ መሄጃ ያላገኘ ቁጣ በቅርብ ያገኘውን ይመታልና።

ጥንቃቄ፦ መዝሙር 108ን (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 109ን) እያነሡ በሰው ላይ ዳዊት መድገም ከዚህ ሥራ ጋር አይሄድም። በመዝሙሩ ውስጥ ያለው ምሬት ለእግዚአብሔር የቀረበ አቤቱታ ነው፤ እርስዎ ግን አሁን እየተዘጋጁ ያሉት ፍርዱን ለእርሱ ለመልቀቅ ነው።

ደረጃ 3፦ የራስዎን ዕዳ ይመልከቱ

ማቴዎስ 18፥23-35ን ቀስ ብለው ያንብቡ። አገልጋዩ ከንጉሡ የተማረለት ዕዳ እልፍ መክሊት ነበር፤ ባልንጀራውን አንቆ የጠየቀው ግን መቶ ዲናር ነው። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር (ማቴ. 20፥2)፤ አንድ መክሊት ደግሞ ወደ 6,000 ዲናር ይጠጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዕዳ 60,000,000 የሥራ ቀን፣ ሁለተኛው 100 የሥራ ቀን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰባኪ የሚዘለው ነገር አለ፦ የ100 ቀን ደመወዝ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ ለድሃ ሰው የሦስት ወር ቀለብ ነው። ጌታ የተበደሉት ነገር ኢምንት ነው አላለም። ያለው፣ ለእርስዎ የተማረልዎት ከዚያ ጋር ሊወዳደር የማይችል መሆኑን ነው።

ከዚያ በኋላ በደብተርዎ ሦስተኛ ዓምድ የጻፉትን ይዘው ወደ ነፍስ አባትዎ ይሂዱና ንስሐ ይግቡበት። መናዘዝ ያለብዎት የራስዎን ብቻ ነው፤ በንስሐው ሰዓት የወንድምዎ ክስ መሰማት ከጀመረ ያቁሙና ወደ ራስዎ ገጽ ይመለሱ። ምሕረትን የተቀበለ ሰው ምሕረትን ከባዶ እጁ አያወጣም፤ ከተቀበለው ላይ ቆርሶ ይሰጣል፤ ይህ ደረጃ ከውሳኔው በፊት የተቀመጠውም ለዚህ ነው።

ጥንቃቄ፦ «እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነበር» ወደሚል ድምዳሜ አይሂዱ። ሐሜትዎ የእርስዎ ኃጢአት ነው፤ ስርቆቱ ግን የእርሱ ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ውሳኔውን በአፍዎ ይናገሩ

ቆመው፣ ድምፅ አውጥተው፣ በደሉን በስሙ ጠርተው ይጸልዩ። ምሳሌያችን ያደረግናት እኅት እንዲህ ልትል ትችላለች፦

«ጌታ ሆይ፣ ወንድሜ ለቦታ የላክሁትን ብር ለራሱ አውሎ ዋሽቶኛል። ብድሬን በእጄ መመለስን ዛሬ በፊትህ ትቻለሁ። ክፉ እንዲገጥመው አልመኝም፤ ስሙን ለማጥፋት ይህን ነገር አላወራም። ፍርዱን ለአንተ ሰጥቻለሁ። ልቤን ገና ያመኛል፤ የጎደለኝን አንተ ሙላው። እኛም ደግሞ የበደሉንን ይቅር እንደምንል በደላችንን ይቅር በለን።»

ከጸሎቱ በኋላ በገጹ ግርጌ ቀኑን ይጻፉ። ቀኑ ለደረጃ 6 ያስፈልጋል።

ስሜትዎ እስኪለወጥ ከጠበቁ ይህን ደረጃ አይደርሱበትም፤ ውሳኔው ይቀድማል፣ ስሜቱ ዘግይቶ ይከተላል። የበደለዎት ሰው እስኪመጣና እስኪለምንዎት መጠበቅም አያስፈልግም። ጌታ «ለጸሎትም በቆማችሁ ጊዜ» በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉት ብሎ ሲያዝዝ (ማር. 11፥25) በዚያ ሰዓት በዳዩ በቦታው የለም፤ ያሉት እግዚአብሔርና ጸሎተኛው ናቸው። ዕርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ለዚህም ከደረጃ 7 ጀምሮ ለብቻው ተቀምጧል።

ደረጃ 5፦ የማሉትንና የረገሙትን ያንሡ

ይህ ደረጃ በእኛ አገር የተለየ ክብደት ስላለው ለብቻው አድርጌዋለሁ። በተጣላንበት ሰዓት «ብሞት እንዳይቀብረኝ፣ ቢሞት አልቀብረውም»፣ «ዓይኑን ባይ ዓይኔ ይፍሰስ» ብለን እንምላለን፤ ሌላውም በታቦት ፊት «ፍረድበትና ይህን አገባለሁ» ብሎ ይሳላል። ሰው ልቡ ከለዘበ በኋላ እንኳ «ምያለሁና» እያለ ለዓመታት የሚርቀው በዚህ ምክንያት ነው። የማሉትን ቃል በቃል ጽፈው ለነፍስ አባትዎ ይንገሩ፤ እርሳቸው የሚሰጡዎትን ቀኖና ይፈጽሙ፤ ከዚያ በኋላ መሐላው ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሄሮድስ «ስለ መሐላው» ብሎ የዮሐንስን አንገት አስቆርጧል (ማር. 6፥26-27)፤ ክፉ መሐላን መጠበቅ በእግዚአብሔር ዘንድ ታማኝነት ሆኖ አይቆጠርም።

መሐላውን የሰሙ ሰዎች ካሉ ለእነርሱም «ትቼዋለሁ» ብለው ይንገሩ፤ አለበለዚያ በክፉ ቀን እነርሱ በእርስዎ ስም ሊያስፈጽሙት ይነሣሉ። ለቅሶ ቤት በር ላይ «አይገባም፣ ተብሏል» የሚባለው እንዲህ እየሆነ ነው።

ደረጃ 6፦ ትዝታው ሲመለስ የሚያደርጉት

ይመለሳል። የተበደሉበት ሰፈር፣ የሰውየው መኪና፣ የሰርጉ ቪዲዮ፣ የሐዋላ ቤቱ ማስታወቂያ ሁሉ ይመልሰዋል። በዚያ ሰዓት የሚከተለውን ያድርጉ፦

ሀ. ትዝታውን በስሙ ይጥሩት፦ «የብሩ ነገር ነው የመጣው።»
ለ. በደብተርዎ ግርጌ የጻፉትን ቀን ያስታውሱ፦ «ይህን በዚያ ቀን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ።» እንደ አዲስ መወሰን የለብዎትም።
ሐ. ስለ ሰውየው አጭር ጸሎት ያድርጉ፦ «አቤቱ፣ እርሱንም እኔንም ማረን።»
መ. ይሠሩት ወደ ነበረው ሥራ ይመለሱ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህን በቀን ብዙ ጊዜ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ይህ ይቅርታው እንዳልሠራ አያመለክትም። ጴጥሮስ «እስከ ሰባት ጊዜን?» ብሎ ሲጠይቅ ጌታ «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» ብሎ መልሶለታል (ማቴ. 18፥21-22)፤ ይህን ለተመላለሰ በደል ብቻ ሳይሆን ለተመላለሰ ትዝታም ማዋል ይቻላል። ሐዋርያው ስለ ፍቅር ሲናገር «በደልን አይቆጥርም» ይላል (1ኛ ቆሮ. 13፥5)፤ ማስታወስና መቁጠር አንድ አይደሉም። እየቆጠሩ መሆንዎን የሚያውቁት ትዝታው በመጣ ቁጥር አዲስ ክስ ሲጨምሩበት፣ በሐሳብዎ ከሰውየው ጋር ሲሟገቱና ሲረቱት ነው።

ዮሴፍ የበኩር ልጁን ምናሴ ያለው «እግዚአብሔር መከራዬን ሁሉ አስረሳኝ» ብሎ ነው (ዘፍ. 41፥51)። ያው ሰው ግን ከዓመታት በኋላ «ወደ ግብፅ የሸጣችሁኝ ወንድማችሁ ዮሴፍ እኔ ነኝ» ብሏል (ዘፍ. 45፥4)፤ ነገሩን አልዘነጋውም ማለት ነው። ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሲሞት ወንድሞቹ ዛሬ ይበቀለናል ብለው ፈርተው መልእክት ላኩበት፤ ዮሴፍም ይህን ሲሰማ አለቀሰ (ዘፍ. 47፥28፤ 50፥15-17)። እንግዲህ ከ17 ዓመት በኋላም የሚያስለቅስ ነገር ነበረ፤ ይቅርታው ግን እውነተኛ ነበር። እርስዎም ቢያለቅሱ አይደንግጡ።

ጥንቃቄ፦ የሰውየውን ፎቶና የሚለጥፈውን ነገር በየማታው በስልክ ከመከታተል ይታቀቡ። ቁስሉን በየቀኑ እየነካኩ አልድን አለኝ ማለት አይቻልም።

ደረጃ 7፦ ብቻዎን ሄደው ይነጋገሩ

ሰውየው አደገኛ ካልሆነ የጌታ ትእዛዝ «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ» የሚል ነው (ማቴ. 18፥15)። ብቻ መሆን የሚያስፈልገው፣ ሰው በሰው ፊት ሲወቀስ ከማመን ይልቅ ራሱን ወደ መከላከል ስለሚሄድ ነው። በሰርግ፣ በለቅሶ ወይም በበዓል ቀን አይሂዱ፤ በቤተሰብ የቴሌግራም ቡድን ላይ አይጻፉ። በውጭ አገር ከሆኑ የድምፅ መልእክት ከመላክ ይልቅ አስቀድመው ሰዓት ይዘው ፊት ለፊት በሚያሳይ ጥሪ ይነጋገሩ፤ የድምፅ መልእክት ለሌላ ሰው ይላካል፣ ተቆርጦም ይሰማል።

ሲጀምሩ «ይቅር ብዬሃለሁ» አይበሉ። በደሉን ገና ላላመነ ሰው ይህ ቃል ክስ ሆኖ ይሰማዋል፤ «ምን አድርጌ?» ብሎም ይነሣል። ከዚህ ይልቅ እንዲህ ያለ አነጋገር ይጠቅማል፦ «ልጣላህ አልመጣሁም። ለቦታ ብዬ የላክሁትን ብር ለመኪና እንዳዋልኸው አውቄአለሁ። ከብሩ ይልቅ ሁለት ዓመት ስትዋሸኝ መኖርህ ጎድቶኛል። እኔም ለዘመድ እያወራሁ ስምህን አጥፍቻለሁ፤ ለዚህ ይቅር በለኝ። አሁን እንዴት እንደ ሆነ ከአንተ መስማት እፈልጋለሁ።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ቢሆንም እርስዎ አይሙሉት፤ ብዙ ሰው «እትዬ፣ አጥፍቻለሁ» የሚለው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው።

ካመነና ከለመነዎት «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ይቅር ብያለሁ» ብለው በግልጽ ይመልሱ። «እሺ፣ ተወው» የሚል ግማሽ መልስ ሰውየውን በጥርጣሬ ያስቀረዋል። ከካደ ወይም ከተቆጣ ደግሞ ሳይሟገቱ ተነሥተው ይሂዱ፤ የደረጃ 4 ውሳኔዎ በእርሱ መልስ ላይ የቆመ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ካልሆነ ሽማግሌ ይያዙ፤ የገንዘቡን ነገር ለብቻ ይጨርሱ

ቀጣዩ ትእዛዝ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ መሄድ ነው (ማቴ. 18፥16)። ሁለታችሁም የምታከብሯቸው፣ ከጉዳዩ ጥቅም የሌላቸው፣ የሰሙትን በየቤቱ የማያዞሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይምረጡ፤ ከመካከላቸው አንዱ ካህን ቢሆን መልካም ነው። ለሽማግሌዎቹ አስቀድመው አንድ ነገር ይጠይቋቸው፦ በደሉ በሁለቱም ወገን ተነግሮ ሳይሰማ «ለእኛ ስትሉ ተሳሳሙ» እንዳይሉ። ችኩል ሽምግልና በዚያች ሰዓት ጉልበት ያሳስማል፤ በደሉ ግን ስላልተነገረ ከወር በኋላ ጠቡ ካቆመበት ይቀጥላል።

ኃጢአቱን ይቅር ማለትና ብሩን መተው ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸውን ለሽማግሌዎቹም ለራስዎም ግልጽ ያድርጉ። ይቅር ብለው ሳለ ዕዳው እንዲከፈልዎት መጠየቅ ይችላሉ። ዘኬዎስ ምሕረትን ባገኘበት ቀን የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናግሯል (ሉቃ. 19፥8)፤ ቅዱስ ጳውሎስም የፊልሞና ባሪያ ስለ ነበረው ስለ አናሲሞስ ሲማልድ ዕዳውን እንደሌለ አልቆጠረውም፤ «እኔ እመልሰዋለሁ» ብሎ በእጁ ጽፏል (ፊልሞ. 18-19)። ስለዚህ ደረሰኞቹን ያቅርቡ፤ የሚመለሰው መጠን፣ የመክፈያው ጊዜና ካልተከፈለ የሚደረገው በጽሑፍ ሆኖ ሁሉም ይፈርሙበት። ብሩን መተው ከፈለጉ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ትተውት ይህንኑ ያጽፉ፤ በአፍ ተትቶ በልብ የቀረ ብር ሌላ ጠብ ይወልዳል። ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ቢሆን እንኳ ያለ ጥላቻ መሟገት ይቻላል፤ አስቸጋሪ መሆኑን ግን አልሸሽግዎትም።

ደረጃ 9፦ አመኔታውን በልኩ ይመልሱ

ይቅርታ በአንድ ቀን ይሰጣል፤ አመኔታ ግን ሥራ ታይቶ ይመለሳል። ዮሴፍ ለወንድሞቹ ማንነቱን ወዲያው አልገለጠም። የገለጠው፣ አስቀድሞ እንሽጠው የሚል ሐሳብ ያመጣው ይሁዳ (ዘፍ. 37፥26-27) አሁን በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን ብሎ ራሱን ሲያቀርብ ካየ በኋላ ነው (ዘፍ. 44፥33)። ቅዱስ ጳውሎስ በጵንፍልያ ትቷቸው የሄደውን ማርቆስን ይዞ ለመሄድ አልፈቀደም፤ ከጊዜ በኋላ ግን «ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛል» ብሎ አስጠርቶታል (ሐዋ. 15፥38፤ 2ኛ ጢሞ. 4፥11)። በዚያው ምዕራፍ ስለ ናስ አንጥረኛው እስክንድሮስ ሲጽፍ ፍርዱን ለጌታ ሰጥቶ ጢሞቴዎስን ከእርሱ እንዲጠበቅ አስጠንቅቆታል (2ኛ ጢሞ. 4፥14-15)። ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ አላገኙም።

በተግባር ሲታይ፣ ወንድሟ በውሉ መሠረት መክፈል ከጀመረ ያቺ እኅት ቤቱ ልትሄድ፣ ልጆቹን ልታቅፍ፣ በዓል አብራ ልታሳልፍ ትችላለች፤ አዲስ ውክልና ግን አትሰጠውም። ይህን «ይቅር አላልሽም ማለት ነው» ብሎ የሚወቅሳት ዘመድ ቢመጣ «ይቅር ብያለሁ፤ ውክልና ግን አልሰጥም» ብላ በአጭሩ ትመልስለት።

ደረጃ 10፦ ወደ ቁርባን ይቅረቡ

በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ስለ ፍጹም ሰላምና ፍቅር እንድንጸልይ፣ እርስ በርሳችንም ሰላምታ እንድንሰጣጥ ያዝዛል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቁርባን የሚቀረበው። ማቴዎስ 5፥23-24 መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ እንዲታረቅ የሚያዝዘው «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው» ላሰበ ሰው መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ስለዚህ እርስዎ የበደሉት ሰው ካለ ጥያቄው ወደ እርስዎ ይመጣል። ሰውየው እምቢ በማለቱ ዕርቁ ካልተፈጸመ ለነፍስ አባትዎ ያደረጉትን ሁሉ ያስረዱ። ሐዋርያው «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ይላል (ሮሜ 12፥18)፤ ከእርስዎ የሚጠየቀው በእርስዎ በኩል ያለው ነው። በሌላ ሰው እልከኝነት ምክንያት ራስዎን ከቁርባን ለዓመታት አያርቁ።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

ይቅርታን መልሶ መቁጠር። «እኔ እኮ ይቅር ያልሁህ ነኝ» የሚለው ቃል በየጠቡ የሚነሣ ከሆነ ዕዳው አልተሰረዘም፤ መልኩን ለውጧል። አንዴ ከተናገሩ በኋላ በሌላ ጠብ አያንሡት።

«እግዚአብሔር ይፍረድበት» እያሉ መራገም። ቃሉ መንፈሳዊ ይመስላል፤ «በቀል የእኔ ነው» ያለውን አምላክ (ሮሜ 12፥19) ግን ለራስ ቂም አስፈጻሚ ማድረግ ነው። ፍርዱን በእውነት የሰጠ ሰው ፍርዱ መቼ እንደሚፈጸም አይጠባበቅም፤ ሰውየው ሲታመም ወይም ሲከስር «አየህ!» ሊል የሚቃጣው ከሆነ ወደ ደረጃ 4 ይመለስ።

ልጆችን ወገን ማድረግ። በአጎታቸው ወይም በአባታቸው ላይ የሰሙትን ቂም ልጆች ከእርስዎ ዕርቅ በኋላም ይዘውት ይቀራሉ።

ሌላውን ማስቸኮል። አንዲት ሴት ባሏ በድሏት ገና በደረጃ 2 ላይ ሳለች «ጾም ገባ፣ ይቅር በይ» ተብላ ስትገፋ ብዙ አይቻለሁ። ጾም መልካም አጋጣሚ ነው፤ በግድ የተባለ ይቅርታ ግን ከፋሲካ አያልፍም።

የበደለዎት ሰው ከሞተ

ደረጃ 7፣ 8 እና 9 ይቀራሉ፤ የቀሩት እንዳሉ ይሠራሉ። ሊነግሩት የነበረውን በደብዳቤ መልክ ጽፈው በነፍስ አባትዎ ፊት ያንብቡት። ከዚያም በእኛ ሥርዓት ለሞቱት ስለሚጸለይ የክርስትና ስሙን ለካህን ሰጥተው በጸሎት እንዲታሰብ ያድርጉ። በአባትና በእናት ላይ ያለ ቂም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከተዝካሩ በኋላ ነው፤ «የሞተ አይወቀስም» ስለሚባል ሰው ለማንም አይናገረውም። በደብተር መጻፍ ሙት መውቀስ አይደለምና አይፍሩ።

ያው ሰው እንደገና ከበደለ

ጌታ በቀን ሰባት ጊዜ በድሎ ሰባት ጊዜ «ተጸጸትሁ» እያለ ለተመለሰ ሰው ይቅር በለው ሲል፣ አስቀድሞ ደግሞ «ገሥጸው» ብሏል (ሉቃ. 17፥3-4)። ስለዚህ ለአዲሱ በደል አዲስ ገጽ ይክፈቱና ከደረጃ 1 ይጀምሩ፤ ከአሮጌው ገጽ ጋር አያያይዙት፤ ለዚህኛው ተግሣጹ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይሁን፤ በደረጃ 9 የሰጡትንም አመኔታ በዚያው ልክ ይቀንሱ።